በአንድ ካሬ ሚሊሜትር

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ናሙናው ደረሰኝ፤
ሰሊጥ የምታህል፣ ከልብ የተቆረሰች፣
ከጠርሙሱ ግርጌ ፎርማሊን ውስጥ የሰጠመች።
ቅጹን አነበብኩት፦ ቡሪሶ ዳንጊሶ፤ ዕድሜ፣ ዐሥራ ዘጠኝ፤
ሥራ፣ መረብ ጠጋኝ፤
አድራሻ፣ አሞራ ገደል።
የሐኪሙ ጥያቄ አንዲት መስመር ብቻ፦
«ብግነት አለ ወይ? ካለስ በምን ያህል?»

«ልቤ በገነ» ስንል ንዴት ነው የምናወራው፤
እዚያ ውስጥ የእውነት ሲነድ ማን ቆሞ ሊያየው?
እኔ አያለሁ። ሥራዬ ነው።

በሰም ደፍኜ፣ ከፀጉር አሳስቼ ቆርጬ፣
በሐምራዊ ነክሬ፣ በሮዝ አለቅልቄ፣
መስታወት ላይ አስተኝቼ ዓይኔን አስጠጋሁ።
(መብራቱ ሁለቴ ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ
በጨለማ ቆጠርኩ። ምን እንደሁ እንጃ፤
ምናልባት የራሴን ትርታ።)

የልብ ሥጋ መረብ ነው፣ ክር ከክር የተያያዘ።
በክሮቹ መሐል ግን ጥቋቁር ነጥብ፣
ወለል ላይ እንደ ፈሰሰ ኑግ።
ዘቦች ናቸው፤ «ጠላት ገባ» ሲባል ተጠርተው የመጡ፣
ጠላት ከሞተ በኋላም አንሄድም ብለው የተቀመጡ፣
የቤቱን ልጅ ከሌባው መለየት ያቃታቸው።
ክፋት የለባቸውም።
የከፋውም ይኸው ነው።

ከዘቦቹ ኋላ ትልልቆቹ ቆመዋል፣ በላተኞቹ።
በመጽሐፍ ስማቸው ረዥም ነው፤
እኔ ግን ሐዋሳ ነውና ያደግሁት
አባ ኮዳ እላቸዋለሁ።
ራሰ በራ፣ ጎባጣ፣ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ መስሎ
ከዓሣ አራጆቹ ጎን የሚቆመው፣
አንጀቱን፣ ጭንቅላቱን፣ የተጣለውን ሁሉ ለቅሞ
የሐይቁን ዳር የሚያጸዳው፤
ዘወር ያሉለት ዕለት ግን
ከሚዛኑ ላይ ቆሮሶ የሚነጥቀው።
እነዚህም እንዲያው፦ ከፊሉ ይጠግናል፣ ከፊሉ ያፈርሳል፤
መልካቸው አንድ ነው።

ቆጠርኩ።
በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ዐሥራ አራት ከሞላ
ብግነት ነው ይላል ደንቡ።
እኔ ስድሳ አንድ ደረስኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ስድሳ አንድ።

እኅቱ ዘነበች በመስኮቱ ቀዳዳ ጎንበስ አለች፤
ጣቷ ላይ ቅርፊት ደርቋል፣
በፌስታል ብርቱካን ይዛለች።
«ይተርፋል?»
ስድሳ አንድ የሚባል መልስ ምን ያደርግላታል?
«ሐኪሙ ይነግርሻል» አልኳት፤
የእኛ የላብራቶሪ ሰዎች ጋሻ ይቺ ናት።
ብርቱካኑን ለኔ ትታው ሄደች።
እስከ ማታ አልነካሁትም፤
ማታ ላጥኩት።

በሰባተኛው ሳምንት ራሱ መጣ፣
ከሲታ፣ ሸሚዙ ከትከሻው የሰፋ።
«ልቤን አሳዪኝ» አለኝ።
ደንቡ አይፈቅድም።
አሳየሁት።

ዓይኑን ጥሎ ቆየ። መረብ የለመደ ዓይን
አስቀድሞ የሚያየው ቀዳዳውን ነው፦
«እዚህ ጋ ተበጥሷል» አለ። ልክ ነበር።
«እነዚህስ፣ ቆመው የሚያዩት?»
ስም ያወጣሁላቸውን ነገርኩት።
ሳቀ፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጠረው፤
ወንበሩን ይዞ እስኪመለስለት ጠበቅን።

«እኅቴ» አለ፣ «አባ ኮዳ ባዶ ታንኳ አይጠብቅም።
ቆመው ካየሻቸው
ገና ዓሣ አለ ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለም።
የተሳሳተም ይመስለኛል።
ስለ ሞትም ስለ ሕይወትም እኩል ያስኬዳል።

ላብራቶሪያችን ምድር ቤት ነው፤
ወደ ፀሐይ የሚያወጣው ደረጃ ዐሥራ ስምንት።
በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሳያየኝ፣ ቆጠርኩለት።
ዐሥራ አራተኛው ላይ ቆመ።
እጁን ግድግዳው ላይ አኖረ።
ቆየ።

ዐሥራ አምስት።